አቴንዳንሱ ላይ ማን ፈረመ? ከሞንትሪያል እስከ ክሪዎች አገር፣ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. — ቫልዶር

ከሞንትሪያል ስንወጣ ገና አልነጋም። ሦስት ነን፤ ሥራውን የምትመራው ኩቤካዊት አለቃዬ፣ የዱር እንስሳት ባለሙያ የሆነ አንድ ወጣት፣ እና እኔ። የእኔ ድርሻ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አርባ ምንጭ ተምሬ፣ አገር ቤት ጥቂት ዓመት ጉድጓድ ሳስቆፍር ቆይቼ፣ ካናዳ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

የምንሄደው ዋስካጋኒሽ ወደምትባል የክሪዎች መንደር ነው። ክሪዎች ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ኩቤክ በምትባለው የካናዳ ክፍለ ግዛት ሰሜን ያሉት አገራቸውን ኢዩ ኢስቺ ይሉታል፤ የሕዝቡ ምድር ማለት ነው። ከዚያ ምድር አንድ ጥግ ላይ ማዕድን ለማውጣት ያሰበ ኩባንያ አለ። እኛ ደግሞ ኩባንያው የቀጠረን አጥኚዎች ነን፤ መንደሩን «ልናማክር» እየሄድን ነው። የኩባንያውንም የመሥሪያ ቤቴንም ስም አልጽፍም፤ ውሌ አይፈቅድም፣ ለወጌም አይጠቅመውም።

ስብሰባው መጀመሪያ የተቀጠረው ለግንቦት መጀመሪያ ነበር። ከመንደሩ የመጣው መልስ አጭር ነው፦ በዚያ ሰሞን ማንም የለም፣ ዝይ እናድናለን። በጸደይ ዝዮቹ ከደቡብ ሲመለሱ ትምህርት ቤቱም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሕዝቡ ወደ ዱር ይወጣል። ለካ የኛ መሥሪያ ቤት የፋሲካ ዕለት «ለአስቸኳይ ስብሰባ እንድትገኙ» ብሎ ጥሪ የለጠፈ ቀበሌ ሆኖ ነበር። ስለዚህ መስከረም ሆነ። ለእኔ እንቁጣጣሽ በመንገድ ላይ መዋሉ ነው፤ አለቃዬ ይህን አላወቀችም፣ እኔም አልነገርኳት።

ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ጫካ አቋርጠን ቫልዶር አደርን። ስለ ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ዛፍ ነው፣ ሐይቅ ነው፣ ዛፍ ነው።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 4 — ዋስካጋኒሽ

እስከ ማታጋሚ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከማታጋሚ በኋላ ኪሎ ሜትር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የቢሊ ዳያመንድ አውራ ጎዳና ይሉታል፤ 620 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይዘልቃል፣ በመሐል ያለው ነዳጅ ማደያ ኪሎ ሜትር 381 ላይ አንድ ብቻ ነው። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆመን ስማችንንና የምንሄድበትን አስመዘገብን። ብንጠፋ የት እንደሚፈልጉን እንዲያውቁ ነው። (ይህን መዝገብ ሦስታችንም ሳናቅማማ ፈረምን። የፊርማ ነገር ወደ በኋላ ስለሚመጣ ነው የማነሳው።)

የዚህን መንገድ ታሪክ ሳልነግራችሁ የስብሰባው ነገር አይገባም። ከዕለታቱ አርእስት በቀር ከዚህ በታች የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ሚያዝያ 30 ቀን 1971 የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ቡራሳ በፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ ቆመው የምዕተ ዓመቱን ፕሮጀክት አወጁ፤ ወደ ጄምስ ባሕረ ሰላጤ የሚፈሱት ታላላቅ ወንዞች ተገድበው ኤሌክትሪክ ሊሆኑ ነው። በወንዞቹ ላይ ከጥንት ጀምሮ ለሚኖሩት ክሪዎች የጠየቃቸው ቀርቶ የነገራቸው አልነበረም። ወሬውን የሰሙት ከሬዲዮና ከጋዜጣ ነው። በዚያው ሰመር የየመንደሩ አለቆች ሚስታሲኒ ላይ ተሰበሰቡ። ከመሐላቸው ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የነበረ የዋስካጋኒሽ አለቃ ነበር፤ ቢሊ ዳያመንድ። ይህ መንገድ ለግድቡ ማሽን ማጓጓዣ የተሠራ ነው። ክሪዎች ሳይጠየቁ የመጣው መንገድ ከ2020 ጀምሮ የሚጠራው፣ ግድቡን በመክሰስ በሚታወቀው ሰው ስም ነው። ሰውየው በ2010 ስላረፈ ይህን አላየም።

ክሱ በታኅሣሥ 1972 ሞንትሪያል ላይ ተጀመረ። ዳኛው አልበርት ማሉፍ ይባላሉ። ከአዳኞቹ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ከተማ ያላዩ ሰዎች ነበሩ፤ በአውሮፕላን መጥተው ስለ ቢቨር (ውሃ ውስጥ ቤቱን የሚሠራ ፀጉራም እንስሳ ነው) እና ስለ ዓሣ መሰከሩ። አንዱ አዛውንት እውነቱን ሁሉ እንዲናገሩ ማሉ ሲባሉ፣ እውነቱን ሁሉ እንደምናገር ቃል ልገባ አልችልም፣ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው ብለዋል ይባላል። እኔ ይህን ወሬ የምወደው የሙያ ሪፖርት በጻፍኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1973 ማሉፍ ግንባታው ይቁም ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ያለው ዕድሜ አንድ ሳምንት ነው፤ ይግባኝ ሰሚው አነሳው። ግን የመጀመሪያው ፍርድ መንግሥትን አስደንግጦ ነበርና ድርድር ተከፈተ፣ ኅዳር 11 ቀን 1975 የጄምስ ቤይና የሰሜን ኩቤክ ስምምነት ተፈረመ። ለክሪዎቹና ከነሱ በስተ ሰሜን ላሉት ኢንዊቶች 225 ሚሊዮን ዶላር ካሳ፣ በሦስት ደረጃ የተከፈለ መሬት፣ የአደን መብት፣ እና ለዛሬው ጉዟችን ምክንያት የሆነው ምዕራፍ 22። በዚህ ምዕራፍ መሠረት በአካባቢው የሚታሰብ ትልቅ ሥራ ሁሉ የሚመረመረው ክሪዎች በተቀመጡበት ኮሚቴ ነው። መርማሪው ኮሚቴ አምስት አባላት አሉት፤ ሦስቱን ኩቤክ፣ ሁለቱን ክሪዎች ይሰይማሉ። የመጨረሻው ቃል ግን የኮሚቴው አይደለም።

ኪሎ ሜትር 237 ላይ ወደ ምዕራብ ታጠፍን፤ መቶ ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ። በመንገዱ ጠርዝ ቢጫ አበባ ፈክቷል። አደይ አይደለም፣ ግን ከመኪና መስኮት ሲታይ ማን ይከራከራል?

መንደሩ መግቢያ ላይ የ«ቁም» ምልክቱ በክሪ ፊደል ተጽፏል። ስለዚህ ፊደል ትንሽ ታገሡኝ፣ የኛን ሰው ሳይገርመው የሚያልፍ አይመስለኝም። እንደኛው አንድ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይይዛል። እኛ «በ»ን «ቡ» ለማድረግ ጎኑ ላይ ቅጥያ እንጨምራለን፤ እነሱ ፊደሉን ያዞሩታል። አንዱ ቅርጽ ወደ ላይ ሲያይ «ፒ»፣ ወደ ታች ሲያይ «ፔ»፣ ወደ ጎን ሲዞር «ፖ» እና «ፓ» ነው። ያተመው ጄምስ ኢቫንስ የሚባል ሚስዮናዊ ነው፣ በ1840 ገደማ። ክሪዎች ግን ፊደሉ ከመናፍስት ዓለም ለአንድ ክሪ ሰው የተሰጠ ነው ይላሉ። ያሬድን ሦስት ወፎች አስተማሩት ብለን ያደግን ሰዎች ይህን ሰምተን ልንስቅ አንችልም።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 5 — ስሞኪ ሂል

ጠዋት ከአስተርጓሚያችን ጋር ቡና ጠጣን። ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት ናት። የነገውን ስላይዶች አንድ በአንድ አሳየናት። የመጀመሪያው ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች።

«ይህን ቃል እንዴት ላድርገው? ምክክር የምትሉት መጠየቅ ነው? መንገር ነው? ወይስ መስማማት? እኛ ዘንድ ሦስቱም የየራሳቸው ቃል አላቸው።»

አለቃዬ አሰብ አደረገችና «እንደየሁኔታው» አለች። አስተርጓሚዋ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ የትኛውን እንደመረጠች አልጠየቅናትም።

ሌላው ያስቆማት ቃል «ባለድርሻ አካላት» ነበር። አገር ቤት ዜና ሲነበብ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! «ይህን አውጡት» አለች። «ባለድርሻ ሱቅ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው ነው። እኛ ባለመብት ነን።» አወጣነው።

ከሰዓት በኋላ ታሊማኑ በጀልባ ወስደውን የመንደሩን ወንዝ፣ ሩፐርትን፣ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ታሊማን ማለት ቆጣሪ ነው። ስሙ አስቂኝ ታሪክ አለው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ቢቨር ከዚህ አገር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ሰውም ተርቦ ነበር። በዚያን ጊዜ የሃድሰን ቤይ ኩባንያን የንግድ ጣቢያ እዚህ ይመራ የነበረው የጄምስ ዋት ሚስት፣ ሞድ ዋት፣ ከክረምቱ ጋር ታግላ ኩቤክ ሲቲ ድረስ ሄዳ መንግሥትን ለመነች፣ በ1932 የቢቨር መጠለያ ቦታ ተፈቀደ። አደኑ ለዓመታት ቆመ። በየአደን መሬቱ የሚኖረው የቤተሰብ አለቃም የቢቨር ቤቶችን እየቆጠረ ማስመዝገብ ጀመረ። ቆጣሪ የተባለው ያኔ ነው፤ አለቃነቱ ግን ከቆጠራው በፊትም ነበር። ዛሬ በኢዩ ኢስቺ ሦስት መቶ ያህል የአደን መሬቶች አሉ፣ እያንዳንዱም አንድ ታሊማን አለው። የት እንደሚታደን፣ ዘንድሮ የቱ ሸለቆ እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚጋበዝ እሱ ይወስናል። መሬቱ የእሱ ንብረት ነው? አይደለም፤ ሊሸጠው አይችልም። የሌላ ነው? እሱም አይደለም። ለፈረንጆቹ ባልደረቦቼ ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ነበር። ለእኔ ግን «ርስት» የሚል ቃል ስላለኝ ነገሩ ግማሽ መንገድ መጥቶ ተቀበለኝ። ቀሪው ግማሽ ላይ ርስትም አይበቃም፤ የኛ ባለርስት መሬቱን ይቆጥራል እንጂ እንስሳውን አይቆጥርም።

ሽማግሌው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሞተሩን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ያመለክታሉ፤ የልጅ ልጃቸው ይተረጉማል። ስሞኪ ሂል የሚሉት ፏፏቴ መሰል ወንዝ ደረስን። በዚህ ወቅት ሲስኮ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ላይ ሲወጣ ሰዉ ረጅም እጀታ ባለው መረብ እየጨለፈ ያወጣዋል፣ በጭስ ያደርቀዋል። ስሙም ከጭሱ ነው። ዛሬም ድንኳኖች አሉ፣ ጭስም አለ። አንዲት ኩኩም፣ ማለትም አያት፣ ባኖክ ሰጡን፤ አምባሻ በሉት። እኔ ሁለተኛ ቁራጭ ሳልጠየቅ ስወስድ ሳቁብኝ።

ነገር ግን ወንዙ ሙሉ ወንዝ አይደለም። የካቲት 7 ቀን 2002፣ እዚሁ ዋስካጋኒሽ ውስጥ፣ ታላቁ አለቃ ቴድ ሞሰስና የኩቤኩ ጠቅላይ ሚኒስትር በርናር ላንድሪ የጀግኖች ሰላም የተባለውን ስምምነት ፈረሙ። ክሪዎች በ50 ዓመት ውስጥ 3.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በደንና በማዕድን ላይ ድምፅ፣ ከመንግሥት ጋር ደግሞ «ከብሔር ለብሔር» የሚል ግንኙነት አገኙ። በምላሹ የሩፐርት ወንዝ እንዲጠለፍ ተስማሙ። ሕዝቡ በአብላጫ ድምፅ ተቀብሎት ነበር። በ2006 ግን ወንዙ በቀጥታ የሚነካቸው ሦስት መንደሮች፣ ነማስካ፣ ቺሳሲቢና ዋስካጋኒሽ፣ ለብቻቸው ድምፅ ሰጥተው አይሆንም አሉ። በ2009 ውሃው ወደ ሰሜን ተመለሰ። የውሃው ከፍታ እንዳይወርድ ወንዙ ላይ በየቦታው የድንጋይ እርከን ተሠርቷል። መሐንዲስ ነኝና እርከኑን አየሁት፤ በደንብ የተሠራ ነው።

«ከፍታው አልወረደም» አልኳቸው ሽማግሌውን፣ ሳላስበው።

የልጅ ልጃቸው ተረጎመላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ድምፁ ነው የወረደው» አሉ። «ማታ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ወንዙ ምን ያህል እንደሞላ በጆሮዬ አውቅ ነበር። አሁን ወጥቼ ማየት አለብኝ።»

በሪፖርታችን ሠንጠረዥ «ድምፅ» የሚል ረድፍ አለ። የሚለካው ግን የማሽን ጩኸት ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. — ስብሰባው

እንኳን አደረሳችሁ። ንጋት ላይ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ «የት ነህ?» ስትለኝ «ባሕር ዳር» አልኳት፣ ጣና ዳር ያለሁ መስሏት ደነገጠች።

ስብሰባው ለአሥራ አንድ ሰዓት ተጠርቶ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ጸሎት፤ አንድ አዛውንት በክሪ ቋንቋ ረዘም አድርገው ጸለዩ። ቀጥሎ ምግብ፤ በገመድ ተንጠልጥሎ በእሳት ዳር እየተሽከረከረ የተጠበሰ ዝይ፣ ሙስ የሚሉት ትልቅ አጋዘን ሥጋ ወጥ፣ ማካሮኒ። ሕፃናት በወንበሮቹ መሐል ይሯሯጣሉ። አለቃዬ ሰዓቷን ታያለች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ሳይበላ የሚጀመር ሽምግልና አይቼ አላውቅም።

አዳራሹ በር ላይ ሁለት ነገር ተቀምጧል። አንዱ የተሳታፊዎች መፈረሚያ ወረቀት ነው፤ አገር ቤት «አቴንዳንስ» የምንለው። ሁለተኛው የዕጣ ሳጥን፤ ለስብሰባ የመጣ ሁሉ ስሙን ጽፎ ይከታል፣ መጨረሻ ላይ የሞተር መጋዝ ይወጣለታል። ሰዉ እየገባ ሳጥኑ ውስጥ ስሙን ይከታል፣ አቴንዳንሱን ያልፈዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል! ልክ ከስብሰባው በፊት የተነጋገሩበት ይመስል።

ለምን እንደሆነ እኔ ገባኝ። ስለገባኝም አፈርኩ። ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ አገር ቤት፣ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ «የኅብረተሰብ ውይይት» ላይ ነበርኩ። ገበሬዎቹ የውሎ አበል ለመቀበል አቴንዳንስ ላይ ፈረሙ። ከዓመት በኋላ ያ ወረቀት በሪፖርቱ አባሪ ላይ «ኅብረተሰቡ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ» ተብሎ ተጠርዞ አገኘሁት። የጠረዝኩት እኔ አይደለሁም። ሳየው ግን ምንም አላልኩም።

ስላይዶቹን አቀረብን። የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ውሃ ተናገርኩ፤ የማዕድኑ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ይገባል፣ ያ ውሃ በፓምፕ ይወጣል፣ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በዚያ መጠን ይወርዳል፤ ሞዴላችን እንደሚያሳየው ተጽዕኖው «ዝቅተኛ እና ጊዜያዊ» ነው። ተቀመጥኩ።

ጥያቄ ቶሎ አልመጣም። ዝምታው ረዘመ። ወጣቱ ባልደረባዬ ዝምታውን ሊሞላ አፉን ሲከፍት አስተርጓሚዋ በዓይኗ አስቆመችው። ቆይቶ አንድ ሰው ተነሣ፤ ስለ ከባድ መኪናዎች ጠየቀ። ልጆቹን ይዞ ማታ ማታ በዚያ ጎዳና ይነዳል፣ አሁን ያለው መኪና ራሱ በዝቷል፣ የናንተ ሲጨመር በቀን ስንት ይሆናል? አለቃዬ ቁጥር ሰጠች። ሌላዋ ሴት ስለ ሠራተኞቹ ካምፕ ጠየቀች፤ መቶ ወንዶች፣ ገንዘብ፣ መጠጥ፣ ከመንደሩ ሁለት ሰዓት ርቀት። «ለሴት ልጆቻችን ምን ዓይነት አጥር አዘጋጃችሁ?» የሚለውን ስትጠይቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። ለዚህ ስላይድ አልነበረንም።

ሥራ የሚፈልግ ወጣትም ተናገረ። ከባድ ማሽን ይነዳል፣ ማዕድኑ ይምጣ ባይ ነው። «ለአባቴ የአደን ገንዘብ አለለት፣ ለእኔስ?» አለ። ማንም አላጉረመረመበትም። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ የማይስማሙበትንም እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። ክሪዎች ለልማት ሁሉ እንቢ ይላሉ የሚል ሰው አላያቸውም። በ2011 የወሚንጂ መንደር ክሪዎች ከኤሌኖር የወርቅ ማዕድን ጋር ተስማምተው ፈርመዋል። ሚስታሲኒዎች ደግሞ የዩራኒየም ፍለጋን አይሆንም ብለው፣ በ2014 መጨረሻ ወጣቶቻቸው በበረዶ 850 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ሞንትሪያል ገብተዋል። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ ኅዳር 1994 ላይ፣ የታላቁ ዌል ወንዝ ግድብ ከብዙ ዓመት ትግል በኋላ ተሰርዟል። እሺም ያውቃሉ፣ እንቢም ያውቃሉ። የሚጠሉት መልሳቸው ሳይጠበቅ የተጻፈ ሪፖርት ነው።

መጨረሻ ላይ የትናንቷ ባኖክ ሰጪ ኩኩም ተነሡ። ማይክ አልያዙም።

«ያ ልጅ ስለ ውሃ የተናገረው» አሉ፣ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ጊዜያዊ ነው አለ። ስንት ዓመት ነው?»

«ማዕድኑ የሚቆየው አሥራ ስምንት ዓመት ነው» አልኩ። «ውሃው ወደ ነበረበት የሚመለሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ኩኩም በጣታቸው ቆጠሩ። አጠገባቸው የቆመ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ይሄ ሃምሳ አንድ ይሆነዋል» አሉና ተቀመጡ።

ሽማግሌው ታሊማን ሌሊቱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አዳራሹ ሲበተን ወደ እኔ መጥተው «ነገ መኪናችሁ ባዶ ቦታ አለው?» ብለው ጠየቁ።

የሞተር መጋዙ ለማሽን ነጂው ወጣት ወጣ። አቴንዳንሱ ላይ ስድስት ፊርማ ነበር፤ ሦስቱ የኛ ነው። አለቃዬ ማታ ሎጁ ውስጥ የዕጣውን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትቆጥር አገኘኋት። ስድሳ አንድ።

«ይህን ልንጠቀም አንችልም» አልኳት።

«ስም ነው እኮ!»

«መጋዝ ለማግኘት የተጻፈ ስም ነው።»

መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ልብ በሉ፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ቅጹ ላይ ቁጥር የሚጠይቅ ባዶ ቦታ አለ፣ ባዶ ቦታ ደግሞ ያሳብዳል።

ሐሙስ፣ መስከረም 2 — ምንጩ

በጠጠር መንገዱ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። መሬቱ ረግረግ ነው፤ ስትረግጠው እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። ሽማግሌው ከፊት ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ድረስ ገባሁ፤ እሳቸው ዘወር ብለው አዩኝና ምንም አላሉም። የልጅ ልጃቸው ግን ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ።

በመንገድ ላይ የኩባንያው የፍለጋ ጉድጓዶች አጋጠሙን፤ ብረት ቱቦ፣ ብርቱካናማ ሪባን። ከሁለት ዓመት በፊት የተቆፈሩ ናቸው። «እነዚህ ሲቆፈሩ ማን ጠየቀዎት?» አልኳቸው። «ሄሊኮፕተሩ» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ዘግይተን የምንጮኸው እኛ አማካሪዎቹ ነን ማለት ነው።

ጥቁር ጥዶች በተጠጋጉበት ቆላ ስፍራ አንድ ትንሽ ኩሬ አለ። ለዓይን የሚማርክ ነገር የለውም፤ ብቻዬን ብሆን ዘልዬው አልፍ ነበር። ሽማግሌው በዱላቸው ጠቆሙ። ከታች አሸዋው ቀስ እያለ ይፈላል፣ ጀበና ሊገነፍል ሲል እንደሚንተከተከው። ምንጭ ነው። ቴርሞሜትሬን ከተትኩ፤ 4 ዲግሪ። አሥር እርምጃ ወዲያ ያለውን ጅረት ለካሁ፤ 11። ከመሬት ሥር የሚመጣ ውሃ ክረምት ከበጋ አይለዋወጥም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ገባው።

ሽማግሌው ተቀመጡና ሻይ አፈሉ። ከዚያ ስብሰባው ላይ ያልተናገሩትን ተናገሩ። በጥርና በየካቲት ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ በዙሪያው ያለው ሁሉ ድንጋይ ይሆናል፣ ይህች ኩሬ ግን አትጋገርም። ኦተር የሚባለው ውሃ ወዳድ አውሬ እዚህ ይከርማል። የቢቨር ቤት ወደ ታች ሦስት አሉ፤ ውሃው እስከ ታች ስለማይደርቅባቸው ነው። አባታቸው በረሃብ ዘመን ቤተሰቡን እዚህ አስፍሮ አዳነ። ሌላም ነገር አለ፤ ከምንጩ በታች ያለው በረዶ ስስ ነው፣ በስኖውሞቢል የሚያልፍ ሰው ይህን ካላወቀ ይሰጥማል። ውሃው ቢጠፋ በረዶው ይወፍራል፣ መንገዱ ይቀናል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ ግን ያኔ ኦተሩም ቢቨሩም አይኖሩም፣ ማንም እዚህ የሚያልፍበት ምክንያት አይኖረውም።

ካርታዬን አወጣሁ። ምንጩ የለም። የምልከታ ጉድጓዶቻችን በሙሉ የተለኩት በሰኔና በነሐሴ መሐል ነው፤ ለሄሊኮፕተር የሚመች ወራት። በሞዴሌ ውስጥ ይህች ኩሬ የዝናብ ውሃ ያቆረች ጎድጓዳ ናት። «ዝቅተኛ» ያልኩት ስለማላውቀው ነገር ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለ።

«ይህን ትናንት ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

የልጅ ልጃቸው ተረጎመ። ሽማግሌው ሻያቸውን ጨለጡ፣ የቆርቆሮ ኩባያውን አራግፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ትናንት የጠየቅኸው ወረቀት ላይ እንድፈርም ነው» አሉ። «ውሃው የት እንዳለ አልጠየቅኸኝም።»

ቦታውን በጂ.ፒ.ኤስ. ልመዘግብ ስል ፈቃድ ጠየቅኋቸው። አሰቡ። መዝግብ፣ ግን ካርታው ላይ ለሁሉ እንዳታወጣው አሉ፤ ኦተር አዳኝ ብዙ ነው። ቁጥሩን በደብተሬ ብቻ ጻፍኩት።

ዓርብ፣ መስከረም 3 — ራዲሰን

አለቃዬ በአውሮፕላን ተመለሰች። እኔና ወጣቱ መኪናውን ይዘን ወደ ሰሜን ዞርን፤ እሱ ኪሎ ሜትር 381 አጠገብ የተወው የወፍ ድምፅ መቅጃ አለ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ድረስ መጥቼ ግድቡን ሳላይ ብመለስ የአርባ ምንጭ መምህሮቼ አይምሩኝም።

ኪሎ ሜትር 257 ላይ የሩፐርት ድልድይ አለ። ቆመን አየን፤ ነጭ አረፋ፣ ድንጋይ፣ ከጎንና ጎኑ ውሃ የለቀቀው ሰፊ ባዶ ዳርቻ። ወደ ላይ ስንገፋ የ2023ቱ ሰደድ እሳት የበላው ጫካ ተጀመረ፤ ለረጅም ኪሎ ሜትር የቆመ ከሰል። በ381 ነዳጅ ሞላን፣ ሾርባ በላን።

ራዲሰን የደረስነው ማታ ነው፣ ቢሆንም የውሃ ማፍሰሻውን ለማየት ብርሃን ነበረ። ከአለት የተፈለፈሉ አሥር ደረጃዎች ናቸው፤ ለሰው እግር አይደሉም። የሮበርት ቡራሳ ኃይል ማመንጫ 137 ሜትር መሬት ሥር ነው፣ 5,616 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የኛ ህዳሴ ግድብ 5,150 ነው። ሕዳሴው ሲነሣ ደረቴ ይነፋል፣ ይህንንም ሳይ ደረቴ ነፋ፤ መሐንዲስ መሆን መጥፎ ነገር አለው። ከዚያ ያየሁት ውሃ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ስሞኪ ሂል ላይ መኖር የነበረበት ውሃ በቦይና በዋሻ ተመርቶ፣ በኢስትሜንና በኦፒናካ በኩል ዞሮ፣ እዚህ ተርባይን ያዞራል። ከዚህ በታች ቺሳሲቢ አለች፤ ሕዝቧ በ1980 ገደማ ከፎርት ጆርጅ ደሴት የተነሣው የወንዙ ፍሰት ደሴቲቱን ይበላታል ተብሎ ነው።

ማታ ሆቴል ውስጥ ሪፖርቱን ከፈትኩ። ቅጹ ይጠይቃል፦ የተማከሩ ሰዎች ብዛት። ባዶውን ትቼ ወደ ውሃው ምዕራፍ ሄድኩና «ዝቅተኛ» የሚለውን ሰረዝኩ። በምትኩ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ሰረዙን ብቻ ተውኩት። አለቃዬ ደወለች።

«ስንት እንበል?» አለችኝ።

«ገና ነን» አልኳት። «በየካቲት ተመልሼ መለካት አለብኝ። ሽማግሌው ይወስዱኛል፣ ተስማምተናል።»

ረጅም ዝምታ። ዝምታውን አልሞላሁትም፣ በዚህ ሳምንት ተምሬያለሁ።

«በየካቲት?» አለች። «እዚያ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«ውሃው አራት ነው» አልኳት።